ለአቶ አባ ፋንድያ የተሰጠ የጤና ምስክር ወረቀት

ለክቡር ሙሴ ዘይድ
የከተማው የጋማ ከብት ጤና ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ጅቡቲ

ጉዳዩ፦ ትሉ አልሞተም ስለማለት

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ ውስጥ ያለ ዕረፍት የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። እኔ እንደሆነ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል፣ ጥርሴ አልቋል፣ ሙቀቱም ያው እንደሚያውቁት ነው። ይህ ሁሉ ግን በጽሕፈት ቤትዎ ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ባለመሆኑ፣ ሳይባባስ እንደሚቆይ ተስፋ አለኝ።

ስሜ በለጡ ጎሳዬ ነው። ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር፣ ከባድ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ጀርባ፣ በፈረስ ጋሪ ዕቃ ከምናመላልስ ሰዎች አንዷ ስሆን፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጓሙን የምይዘው እኔው ነኝ። ፈረሴ አባ ዝናብ ይባላል። በዚህ ከተማ ለፈረስ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ምኞት እንጂ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት አለመሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

በአማርኛ የጻፍኩት ሌላ ስለማልችል ነው። ይህንንም የተማርኩት ልጆቼን ድሬዳዋ ላይ ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ጽሕፈት ቤትዎ የላካቸውን ደብዳቤዎች ካርቲየ 1 ሰፈር ሱቅ ያለው ረምዚ ከፈረንሳይኛ መልሶልኝ፣ ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው ድረስ አንብቤአቸዋለሁ፤ ከላኪዎቹ መካከል ይህን ያደረገ ሰው ያለ አይመስለኝም። የዚህ ደብዳቤ አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ተልኳል፤ ሌላው ፔካ 12 በሚገኘው የሹፌሮች ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሹፌሮቹ መኪናቸው እስኪጫን የሚያነቡት ነገር አጥተው ሲቸገሩ ማየት ያሳዝነኝ ነበር።

ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ፣ ከጾሙ ወር በኋላ ሰዎችዎ ፔካ 12 ድረስ መጥተው ለፈረሶቻችን የትል መድኃኒት በነጻ ስለሰጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱ ነጭ ነው፤ እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ እየተጨመቀ በፈረሱ ምላስ ላይ ይደረጋል። እንደ ፈረሱ ክብደት መሰጠት እንዳለበት ቱቦው ላይ ተጽፏል አሉ። ሙያተኛዎም ይህን ስለሚያውቅ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ በፀሐዩ ምክንያት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈረሶቻችንን በቀሪው ዓይኑ መዘናቸውና ለሁለት ፈረስ አንድ ቱቦ እንደሚበቃ ወሰነ። ይህ ሰው ወርቅ ቤት ቢቀጠር ባለሱቁን በአንድ ሳምንት ደሃ ያደርገው ነበር፤ ለፈረስ ግን ይበቃል።

2. መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ፋንድያ ለመመርመር ስላሰባችሁም አመሰግናለሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ይህን ስል አልቀልድም። ፈረሱ መድኃኒቱን ከመውሰዱ በፊት ፋንድያው ውስጥ ያለው የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል፤ ከወሰደ ሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይቆጠራል። እንቁላሉ ከጠፋ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ካልጠፋ ትሉ መድኃኒቱን ንቆታል ማለት ነው። እኔ ብሆን ይህን አላስበውም ነበር።

ፋንድያውን እንዲሰበስብ የላኩት አብዱልፈታሕ እጅግ ጨዋ ሰው ነው፤ ከፈረስ ጀርባ ጎንበስ ሲል እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። የፈረሱን ስም ጠየቀኝ፤ አባ ዝናብ አልኩት። አብዱልፈታሕ አፋር ነው፤ በእነሱም ቋንቋ አባ ማለት አባት ነው። የአባቴን ስም ሳይሆን የፈረሱን እንደጠየቀኝ በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በእጁም አስረዳኝ። እኔም ወደ ፈረሱ እየጠቆምኩ፣ አዎ፣ እሱ ነው አባ፣ አልኩት። እኛ አገር ለፈረስ አባ እገሌ ብሎ ስም ማውጣት የቆየ ወግ እንደሆነ፣ ትልልቅ ጌቶች ሳይቀሩ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር ልነግረው ጀምሬ ነበር፤ ፀሐዩ ከብዶት ኖሮ አልጨረስንም። ፈረሱን አየ፤ እኔን አየ፤ በሆዱ ምን እንዳለ ባላውቅም በአክብሮት አንገቱን ደፋ። ከዚያም የላስቲክ ከረጢቱ ላይ «አባ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ዝናብ ቀረ።

3. ከሁለት ሳምንት በኋላ ቃላችሁን አክብራችሁ ተመልሳችሁ በመምጣታችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የዚያን ዕለት እኔና አባ ዝናብ ጋቦዴ ሰፈር ፍራሽ ልናደርስ ሄደን ነበር። መቆሚያው ላይ የነበረው የከበበው ፈረስ ነው። ከበበው ጎረቤቴ ነው፤ ፈረሱ አባ ወደብ ይባላል። አባ ወደብ ተናካሽ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይበላም፣ አብሯቸው አያድርም፣ ከቤቱ ጀርባ ለብቻው ታስሮ የሚኖር ባሕታዊ ነው፤ ከእኛ ፈረሶች ትል ቀርቶ ሰላምታ እንኳ ተቀብሎ አያውቅም። አብዱልፈታሕ ስሙን ሲጠይቅ ከበበው አባ ብሎ ገና ወደብ ሳይል፣ ያ ምስኪን የጠፋበትን ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊቱ በርቶ፣ አባን አውቀዋለሁ አለና ፋንድያውን አነሣ። ፈረሱ አልነከሰውም። ከበበው እንደሚለው እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም፤ እሱም ደስ ብሎት ነው ዝም ያለው።

እንግዲህ የፊተኛው ከረጢት የእኔ ፈረስ ነው፣ የኋለኛው የከበበው ፈረስ ነው፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው አባ ነው።

4. ለደረሰን የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ደግሞ የማመሰግንበት ቃል አጥሮኛል። ደብዳቤው የተጻፈው «በፔካ 12 የአምስት ፈረሶች ባለቤት ለሆኑት ለአቶ አባ» ነበር። አቶ አባ ላሳዩት ትብብር ተመስግነዋል። የአቶ አባ ፈረስ ቀድሞ በትል የተሞላ እንደነበር፣ አሁን ግን አንድ እንቁላል እንኳ እንዳልተገኘበት፣ በዚህም መሠረት በፔካ 12 መድኃኒት የለመደ ትል አለመኖሩ በሳይንስ መረጋገጡ ተገልጿል። በዚያው ማስረጃ ይኸው ነጭ መድኃኒት ለከተማው ፈረሶች ሁሉ እንዲሰጥ ወስናችኋል።

እኛም አቶ አባን መፈለጋችን አልቀረም። ከበበው ግን፣ ሰውዬው በእርግጥ የአምስቱም ፈረሶች ባለቤት ከሆነ፣ እስከ ዛሬ የሠራንባቸውን ኪራይ ሳይጠይቀን ባናገኘው ይሻላል ብሎ ስለመከረን ተውነው።

5. አባ ዝናብ ግን ደብዳቤው አልተነበበለትም መሰለኝ፣ መክሳቱን ቀጠለ። ጠጉሩ ደረቀ፣ ሆዱ ወደ ታች ተንጠለጠለ፣ ጋሪውን ይዞ ቁልቁለት ላይ እንኳ ያልበው ጀመር። ሣሩን ይበላል፤ ፉርሽካውን ይበላል፤ እኔ ከምበላው አብልጦ ይበላል። የሚበላው ግን ለእሱ አልሆነም።

ይህን ልነግርዎ ቢሮዎ መጣሁ። ሦስተኛ በመጣሁበት ቀን፣ ጫቱ ከመድረሱ በፊት ስለነበረ፣ አገኘሁዎ። ቆመው ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ፤ ለመውጣት ተነሥተው እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ። ነገሬን በአስተርጓሚ ሰምተው፣ የአቶ አባን ውጤት ከጠረጴዛው አንሥተው አሳዩኝና በራስዎ አንደበት፣ በምታምር አማርኛ፣ እንዲህ አሉኝ፦ «መድኃኒቱ ይሠራል። ፈረሱ ርቦት ነው። ያብሉት እናቴ፣ ያብሉት።»

እቤቴ ሳልደርስ ሁለተኛው ደብዳቤ ተጽፏል መሰለኝ። በዚህኛው አቶ አባ ቀርተው እኔ ነኝ የተጠራሁት፤ ጥፋት ሲሆን ስሜ በትክክል መጻፉን ሳላደንቅ አላልፍም። እንስሳ በረሀብ በማሠቃየት ወንጀል አባ ዝናብ ከአንድ ወር ቀጠሮ በኋላ፣ ማለትም በመጪው ሰኞ፣ በመኪና ተጭኖ ከእጄ እንደሚወሰድ ይናገራል። ወዴት እንደሚወሰድ አይናገርም። የተወሰደ ፈረስ ተመልሶ ሲመጣ ግን እዚህ ከተማ አላየሁም። ያለ ፈረስ ጋሪ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ያለ ጋሪ ደግሞ እኔ ምን እንደምሆን አስቤበት አላውቅም ነበር፤ እንዳስብበት ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ።

6. አሁን አንዲት ሴት አስተዋውቅዎታለሁ። ፋኢዛ ትባላለች፤ ድሬዳዋ የእንስሳት ሐኪም ናት። ካርቲየ 1 የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት ሐዲጃ፣ እኔ ጣቃ የማመላልስላት፣ አክስቷ ናት፤ ሐዲጃ ታማ ልትጠይቃት መጥታ አንድ ወር ያህል ሰነበተች። ሁለቱን ደብዳቤዎች አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እትዬ በለጡ፣ የፊተኛው ፋንድያ የማን ነው? የኋለኛውስ?»

ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች፤ ሐዲጃም ከአልጋዋ ሆና ሳቀች፤ በሽተኛ ስላሳቃችሁልኝ ምስጋናዬን እዚሁ ላይ ይመዝግቡልኝ። ቀጥላ ፈረሱን አይታ ሳቋን አቆመች።

ፋኢዛ አንድ ዓይኗን አልጨፈነችም። የአባ ዝናብን ደረት ዙሪያና ርዝመቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታ ክብደቱን አሰላች። ፋንድያውን ወስዳ ላቦራቶሪ የሚሠራ ዘመዷ ዘንድ እንቁላሉን ቆጠረች። ከዚያ የእናንተኑ ነጭ መድኃኒት፣ ከእናንተው የተሰጠውን፣ ሳታጎድል በልኩ አስዋጠችው። ሁለት ሳምንት ቆይታ ያንኑ ፈረስ፣ ያንኑ አባ ዝናብን፣ እንደገና መረመረች። እንቁላሉ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነው። የሲምቦን ሁለት ፈረሶች ፋንድያ ስትመረምርም፣ እናንተ ከሰጣችኋቸው በኋላ መሆኑ ነው፣ እንደ ሰኔ እሸት የበዛ እንቁላል አገኘች። ሲምቦ ከመካከላችን ሁለት ጋሪ ያላት እሷ ብቻ ናት።

ፋኢዛ እንዳስረዳችኝ፣ መድኃኒት ከልኩ እያነሰ ሲሰጥ ደካማው ትል ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል፤ የተረፈው ይወልዳል፤ ልጆቹም ያ መድኃኒት ምንም አይመስላቸውም። አንድ ዓይነት መድኃኒት በየጊዜው ለሁሉም ሲታደል ደግሞ ይባስ ብሎ የሚተርፈው እሱ ብቻ ይሆናል። እኔ ይህን ስሰማ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ። እኔ ሀ ሁን ለመቁጠር ስልሳ ዓመት ጠብቄአለሁ፤ የእርስዎ ትሎች ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በመንግሥት ወጪ ተምረው ተመርቀዋል። እኛ ዘንድ ኮሶ ስንል ትሉም ኮሶ ነው፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ሁለቱ ግን ጠላቶች ነበሩ። እነሱን አስታርቆ በአንድ ሆድ በሰላም ያኖረ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእናንተ ነው።

በመጨረሻም ፋኢዛ ያለችኝን እንዳለችው ልጻፍልዎ፦ «ይህ ፈረስ ያጣው ምግብ አይደለም፤ ጊዜ ነው።»

7. በዚህ ቁጥር የማመሰግንበት የለኝም። አምስተኛው ፈረስ የሌላው ጎረቤታችን የጫላቸው ነበር፤ አባ ጉልበት ይባላል። ፋኢዛ ድሬዳዋ ተመልሳ ሌላ ዓይነት መድኃኒት፣ ትሉ ያልለመደውን፣ በሹፌር እጅ ልካለች። መድኃኒቱ ሳይደርስ አባ ጉልበት ጭነት እንደያዘ ተንበረከከ፤ አልተነሣም። ሰዎችዎ መጥተው አይተው ምክንያቱን ረሀብ ብለው ጻፉ። ጫላቸው ጋሪውን ለእንጨቱ ሲል ለሚገዛው ሸጦ፣ ባሕሩን ሊሻገሩ ወደ ኦቦክ ከሚሄዱት ልጆች ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። የመን ይድረስ አይድረስ አላውቅም። እሱ ከመሄዱ በፊት ከዚያ መንገድ የሚመለሱትንና የሚሄዱትን ልጆች በጋሪው በነጻ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ነበር።

ወደ ሥራችን ልመለስ።

መድኃኒቱ ባለፈው ሐሙስ ደረሰ፤ እርስዎ ደግሞ ሰኞ ይመጣሉ። ከበበው፣ ለአባ ዝናብ እስከ ሰኞ ምንም እንዳልሰጠው መከረኝ። ነገሩ ስሕተት የለውም፤ ፈረሱ ከነትሉ ካልቆየ በእጄ ማስረጃ አይኖረኝም። ዛሬ ከዳነ ደግሞ መዳኑ ለእናንተ ነጭ መድኃኒት ይጻፍለታል፣ ጋዜጣም ላይ ልትወጡበት ትችላላችሁ። ሲምቦም ይህንኑ አለችኝ። ሁለቱም ሲናገሩ አባ ዝናብ አፉን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ቆሞ ነበር፤ ክብደቱን የጣለብኝ ከፍቅር አልነበረም፣ መቆም አቅቶት ነው። ማስረጃ ሆኖ እንዲሞት ማድረግ አልቻልኩም። ቱቦውን በልኩ ጨምቄ አስዋጥኩት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በአባ ዝናብ በኩል ረትተውኛል። ሰኞ ሲመጡ ትሉን አያገኙትም፤ አጥንቱን ግን ያገኙታል፣ ፈረስ በአራት ቀን አይወፍርምና። ከፈለጉ ርቦት ነው ብለው ይጫኑት፤ ከፈለጉ በእኛ መድኃኒት ድኗል ብለው ይሸልሙት። ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ የመጻፍ ችሎታ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

የሲምቦ ፈረሶች ግን ደንደን ያሉ ናቸው፣ ጥቂት መታገሥ ይችላሉ። ሲምቦ እንዲጠብቁዎ ፈቅዳለች። ልመናዬም ይኸው ነው፦ ሰኞ ከመኪናው ይልቅ አብዱልፈታሕን ይላኩልን። የሁለቱንም ፋንድያ ይውሰድ፤ ነጩን መድኃኒት በልካቸው ይስጣቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ ያንኑ ከእነዚያው ፈረሶች ይውሰድ። አንደኛው አባ ሎሚ፣ ሁለተኛው አባ ሸማ ይባላሉ፤ ሁለተኛውን ቃል ጭምር ቢጽፍልን ቀለሙን እኛ እንችላለን። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አባ ዝናብ ከእኔ ዘንድ ይቆይ። ትሉ ሞቶ ከተገኘ ፈረሴን ራሴ ስቤ ቢሮዎ ደጅ አስሬልዎት እሄዳለሁ። ካልሞተ ግን ያን ነጭ ነገር ለከተማው ፈረሶች ማደል ያቁሙ፤ እያንዳንዱ ከእንግዲህ የሚወድቅ ፈረስ አውቀው የጣሉት ይሆናልና።

እዚህ ድረስ በትዕግሥት ካነበቡ፣ ወይም በትዕግሥት ከተነበበልዎ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ማይክሮስኮፕዎም አንድ ቀን ከካርቶኑ እንዲወጣ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ፣ እሰናበትዎታለሁ።

በለጡ ጎሳዬ
የአባ ዝናብ ባለቤት፣ እስከ ሰኞ

ግልባጭ፦
ለአቶ አባ
ባሉበት

ታክሎ የተጻፈ፦ ጋቦዴ ካለው መኖሪያ ቤትዎ የፈረስ ፋንድያ እየጫንኩ ለአትክልተኞች የማደርሰው እኔ መሆኔን ላያውቁ ይችላሉ፤ ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ነው የምገባው። የልጅዎን ግራጫ ፈረስ ነጩን መድኃኒት በገዛ እጅዎ፣ ሙሉ ቱቦ፣ እንዳስዋጡት ዘበኛዎ በኩራት ነግሮኛል። ከዚያ በፊት ከጫንኩትም ከዚያ በኋላ ከጫንኩትም ለፋኢዛ ድርሻዋን አድርሻለሁ። ቆጥራዋለች። የእርስዎም ትል ያው ነው፤ አልሞተም። ፈረሱ ግን ገና ወፍራም ስለሆነ፣ ርቦት ነው ብለው ለራስዎ ደብዳቤ መጻፍ አይችሉም። ከድሬ ከመጣው መድኃኒት አንድ ቱቦ ተርፏል፤ ለአባ ጉልበት የመጣው ነው። ሰኞ ሲመጡ ይውሰዱት። ፈረሱ ምን አጠፋ።